የቤት መኪና ቻርጀርን ከኢንተርኔት አገልግሎት ጋር ማገናኘት፦ ለጅማ ነዋሪዎች ዝርዝር መመሪያ

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የአዲስ አበባ ሰው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። መኪናውን የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቻርጀሩን ግድግዳ ላይ ያሰቅላል፣ ገመዱን ይሰካል፣ በዚያው ያበቃል። በቻርጀሩ ውስጥ ያለው የመገናኛ ክፍል ሳይነካ ይቀራል። ይህ ክፍል ቻርጀሩን በኢንተርኔት ከሚቆጣጠር አገልግሎት ጋር ተገናኝቶ ሥራ ሲጀምር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደገባ በስልክ ማየት፣ ቻርጁ ሌሊት በራሱ እንዲጀምር ማዘዝ፣ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ኃይሉን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ አከራይና ተከራይም ሂሳባቸውን ያለ ጭቅጭቅ ይለያሉ።

ጅማ ዝናቡ የሚበረታበት፣ መብረቁም የማያንስበት ከተማ ነው፤ መብራትና ኔትወርክ ተያይዘው የሚጠፉበት ምሽት አለ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመራው በአንድ ሐሳብ ነው፦ ቻርጀሩ ኢንተርኔት ሲኖር ይታዘዝ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን መኪናውን መሙላቱን አያቁም። ይህን የማያሟላ አገልግሎት መተግበሪያው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ለቤትዎ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ

ባለ 32 አምፔር ቻርጀር በ220 ቮልት 7 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ፣ ማለትም 16 አምፔር ይወስዳል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ 48 አምፔር ሆነ ማለት ነው። ዋናው ብሬከር ባለ 40 አምፔር ከሆነ ይወርድና ቤቱ ይጨልማል። ብሬከሩ ከሽቦው አቅም በላይ ከሆነ ደግሞ አይወርድም፤ የሚግለው ሽቦው ነው፣ ይህም ከጨለማው እጅግ የከፋ ነው። የቆጣሪዎ አቅም ለዚህ ጭነት የሚበቃ መሆኑን፣ ካልበቃም ወደ ሦስት ፌዝ ማሳደግ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ይጠይቁ።

የሥራ ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን የሚሰጡት ትእዛዝ ይህ ይሁን። ለቻርጀሩ ብሬከሮቹ ካሉበት ሰሌዳ የሚነሳ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር ይዘርጋ። ለ32 አምፔር ሽቦው ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ይሁን፤ ቆጣሪው ከግቢው በር ላይ ሆኖ መኪናው ከጓሮ የሚቆም ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሻላል፣ ምክንያቱም በረጅም ቀጭን ሽቦ ላይ ቮልቴጁ እየወረደ ይሄዳል። አርሲዲ የሚባለው፣ ኃይል ወደ ሰው አካል ወይም ወደ መሬት ሲፈስ በቅጽበት የሚያቋርጠው መከላከያ የግድ ነው። ቻርጀሩ በውስጡ ባለ 6 ሚሊ አምፔር የቀጥታ ኃይል ጠቋሚ ካለው ኤ ዓይነት አርሲዲ ይበቃል፣ ከሌለው ቢ ዓይነት ያስፈልጋል። መብረቅ ለሚያስከትለው የኃይል ግፊት ደግሞ በሰሌዳው ላይ ሰርጅ ፕሮቴክተር ይጨመር።

ስለ መሬት ሽቦው ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። አብዛኞቹ ቻርጀሮች የመሬት ሽቦ ከሌለ ወይም ከደከመ ቀይ መብራት ያበራሉ እንጂ ሥራ አይጀምሩም። በዚህ ጊዜ ኒውትራሉን፣ ማለትም ኃይሉ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከመሬቱ ጫፍ ጋር በማገናኘት ቻርጀሩን ለማታለል የሚሞክር ባለሙያ ያጋጥማል። ቀይ መብራቱ በእርግጥ ይጠፋል። ነገር ግን የኒውትራሉ መስመር አንድ ቀን ቢበጠስ የመኪናው አካል በሙሉ ኃይል ይይዛል፤ በዝናብ በራሰ ግቢ ውስጥ በሩን የሚነካው ልጅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥራ አይቀበሉ። የመሬት ሽቦው የሚታሰርበት ዘንግ በደንብ ተቀብሮ፣ በመለኪያ ተለክቶ ይረከቡ።

ደረጃ 2፦ ቻርጀሩ የሚናገረውን ቋንቋ ማወቅ

ቻርጀሮች ከኢንተርኔት አገልግሎት ጋር የሚነጋገሩት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አምራቹ ለራሱ ብቻ የሠራው ዝግ መንገድ ነው፤ የሚሠራው በአምራቹ መተግበሪያ ብቻ ሲሆን አንዳንዱ ሲመዘገቡ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ሁለተኛው ኦሲፒፒ የሚባለው ክፍት የመነጋገሪያ ደንብ ነው። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኦሲፒፒ 1.6 ነው። በ2020 የወጣው 2.0.1 የተሻለ ጥበቃ ቢኖረውም ከ1.6 ጋር በቀጥታ አይግባባም፤ ስለዚህ ቻርጀሩና አገልግሎቱ አንድ ዓይነት ቁጥር መያዛቸውን ማረጋገጥ ያሻል። መሰኪያው የቻይናው ጂቢቲ ይሁን የአውሮፓው ታይፕ 2 ለዚህ ጉዳይ ልዩነት አያመጣም።

ገና የሚገዙ ከሆነ ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁ። ኦሲፒፒ አለው ወይ? የአገልጋዩን፣ ማለትም ቻርጀሩ በኢንተርኔት የሚደውልለትን ኮምፒውተር፣ አድራሻስ እኔ ራሴ መቀየር እችላለሁ ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። በካርቶኑ ላይ ኦሲፒፒ ተብሎ ተጽፎ አድራሻው ግን በፋብሪካ የተቆለፈ ቻርጀር ለእርስዎ ከዝጉ አይለይም። አድራሻው የሚገባበትን ገጽ ሻጩ በስልኩ ከፍቶ ካላሳየዎት ገንዘብዎን አይክፈሉ።

ደረጃ 3፦ አገልግሎቱን መምረጥ

ከድርጅት የሚገኝ የደመና አገልግሎት፣ ማለትም አገልጋዩ በድርጅቱ ዘንድ የሚቆምበት፣ ለመጀመር ቀላል ነው፤ ይመዘገባሉ፣ አድራሻና መለያ ይሰጥዎታል። ሌላው አማራጭ አገልጋዩን በራስ ቤት ማቆም ነው። ሆም አሲስታንት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በኦሲፒፒ ተጨማሪው አማካኝነት ከቻርጀር ጋር ይነጋገራል፤ በጀርመን አኽን ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ስቲቭ የተባለው ሶፍትዌርም እንዲሁ ነፃ ነው። ሆም አሲስታንት ራስፕቤሪ ፓይን በመሰለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።

ኮምፒውተር መነካካት ለማይከብደው የጅማ ሰው እኔ የምመክረው የቤቱን አገልጋይ ነው። የውጭው መስመር ሲቋረጥ ቻርጀሩና ኮምፒውተሩ በቤቱ ራውተር በኩል መነጋገራቸውን ይቀጥላሉ፤ መዝገቡም በእጅዎ ይቆያል። ጉዳቱ ከቤት ውጭ ሆነው ለማየት ተጨማሪ ማስተካከያ መጠየቁ ነው። ይህ የማይመችዎ ከሆነ የደመናውን ይውሰዱ፤ ደረጃ 8 ላይ ያለውን ፈተና ማለፉን ግን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ደረጃ 4፦ ኔትወርኩን ቻርጀሩ ዘንድ ማድረስ

ከራውተሩ እስከ ቻርጀሩ የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ከተቻለ ይህን ክፍል ይዝለሉት፤ ከገመድ የተሻለ የለም።

ዋይፋይ ከሆነ ግን አብዛኞቹ ቻርጀሮች የሚያውቁት የ2.4 ጊጋኸርዙን ብቻ ነው። ራውተርዎ 2.4ንም 5ንም በአንድ ስም የሚለቅ ከሆነ ለይተው የተለያየ ስም ይስጧቸው። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ክፍት ቦታ ወይም የግእዝ ፊደል ሲኖርበት የሚደናገር ቻርጀር አለ። መኪናው በቆርቆሮ ከለላ ሥር የሚቆም ከሆነ ቆርቆሮው ሞገዱን ይመልሳል። ስልክዎን ይዘው ቻርጀሩ ካለበት ግድግዳ አጠገብ ይቁሙና የቆርቆሮው በር ተዘግቶ ሳለ ይለኩ፤ ተከፍቶ ሳለ መለካት ያሳስታል። ዲቢኤም በሚባለው መለኪያ የሞገዱ ንባብ ከነጌቲቭ 70 በታች ከወረደ፣ ለምሳሌ ነጌቲቭ 80 ካሳየ፣ ማጠናከሪያ ያስፈልጋል።

ሲም ካርድ የሚወስድ ቻርጀር ከሆነ ሲሙን በመጀመሪያ በስልክ ውስጥ ከተው ፒኑን ያጥፉ፣ ፓኬጅ ይሙሉ፣ ኤፒኤን የሚባለውን ስም ከቴሌኮሙ ያረጋግጡ። ብዙ ዳታ አይፈጅም። በየደቂቃው አንድ የቆጣሪ ንባብ ቢልክና እያንዳንዱ መልእክት አንድ ኪሎባይት ቢሆን፣ በቀን 8 ሰዓት ለ30 ቀን 14,400 መልእክት፣ ማለትም 14 ሜጋባይት ገደማ ነው። የማይለወጥ የኢንተርኔት አድራሻ መግዛትም አያስፈልግም፤ ወደ አገልጋዩ የሚደውለው ቻርጀሩ ራሱ ነው፣ ከውጭ ማንም አይደውልለትም። ዝም ያለውን መስመር የሞባይል ኔትወርክ ስለሚቆርጠው ግን ቻርጀሩ በየስንት ሰከንዱ «አለሁ» እንደሚል የሚወስነውን፣ ዌብሶኬት ፒንግ ኢንተርቫል የሚለውን ቅንብር 60 ሰከንድ አካባቢ ያድርጉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ለራውተሩ ትንሽ ባለ 12 ቮልት የባትሪ መጠባበቂያ ይግዙለት። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩም አብሮ ስለሚጠፋ ጥቅሙ በጨለማው ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው መብራት ሲመለስ ነው። ራውተር ተነሥቶ እስኪረጋጋ ደቂቃዎች ይወስድበታል። ቻርጀሩ ቀድሞት ይነቃና ዋይፋዩን ፈልጎ ያጣዋል፤ ጥቂት ሞክሮ ተስፋ የሚቆርጥ ሞዴል ከሆነ እስከ ማግሥቱ አገልግሎቱ ላይ ጠፍቶ ያድራል።

ደረጃ 5፦ አድራሻውን ማስገባት

ሽፋኑን ከመግጠምዎ በፊት በቻርጀሩ ጎን ወይም በመመሪያው ደብተር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ ያንሡ። የምርት ቁጥሩ፣ የመጀመሪያው የይለፍ ቃልና አንዳንዴም ፒኑ ያሉት እዚያ ነው፤ የጅማ እርጥበት ደግሞ ለወረቀት አይራራም።

ከዚያ ቻርጀሩ ራሱ የሚለቀውን ዋይፋይ በስልክዎ ይያዙ፤ ብሉቱዝ የሚጠቀምም አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ትንሽ ነገር አለ። ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞርና የማስተካከያው ገጽ አልከፈት ይላል። ሞባይል ዳታውን ለጊዜው ያጥፉ፣ ገጹ ይከፈታል። በመጀመሪያ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። ቀጥሎ የቤትዎን ዋይፋይ ያስገቡ።

የአገልጋዩ አድራሻ ደብልዩ ኤስ ኤስ ወይም ደብልዩ ኤስ በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። ባለ ሁለት ኤሱ የተመሰጠረ ነው፤ መረጃው ከቤት የሚወጣ ከሆነ ከእርሱ ሌላ አይጠቀሙ። ባለ አንድ ኤሱ በቤት ውስጥ ላለ አገልጋይ ብቻ ይፈቀዳል። በአድራሻው መጨረሻ ላይ የቻርጀሩ መለያ ይከተላል፤ ያ መለያ በአገልግሎቱ ላይ ካስመዘገቡት ጋር በትልቅና በትንሽ ፊደል ጭምር አንድ መሆን አለበት። አንዳንድ ቻርጀር መለያውን ከአድራሻው ጋር አብረው እንዲጽፉ ይፈልጋል፤ ሌላው በራሱ ይጨምረዋል። በራሱ በሚጨምረው ላይ እርስዎም ከጻፉ መለያው ሁለት ጊዜ ይሆንና አገልጋዩ አያውቀውም። ግንኙነቱ እምቢ ካለዎት በመጀመሪያ የሚያዩት ይህን ነው።

አስቀምጡ የሚለውን ተጭነው ቻርጀሩን ከብሬከሩ አጥፍተው ያብሩት።

ደረጃ 6፦ ሰላምታውን መስማት

በአገልግሎቱ ገጽ ላይ የመልእክት መዝገቡን ይክፈቱ። ቻርጀሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚልከው ቡት ኖቲፊኬሽን የሚባል መልእክት ነው፤ ማን እንደሠራው፣ ሞዴሉን፣ የሶፍትዌሩን ቁጥር ይናገራል። አገልጋዩ አክሰፕትድ ካለ ተቀብሎታል። ፔንዲንግ ካለ ይጠብቁ። ሪጀክትድ ካለ መለያው አልተመዘገበም።

ከዚያ ኬብሉን በመኪናው ላይ ይሰኩና መዝገቡን ይከታተሉ። አቬይለብል የነበረው ወደ ፕሪፔሪንግ ይለወጣል፣ ፈቃድ ሲያገኝ ወደ ቻርጂንግ ይሻገራል፣ ከዚያ በኋላ የቆጣሪ ንባቦች በየተራ ይወርዳሉ፦ ቮልቴጅ፣ አምፔር፣ የተጠራቀመ ኃይል። ሰስፔንድድ ኢቪ የሚል ከመጣ ቻርጀሩ ዝግጁ ሆኖ የማይቀበለው መኪናው ነው፤ ወይ ባትሪው ሞልቷል፣ ወይ በመኪናው ውስጥ የራሱ ሰዓት ተሞልቷል። ሰስፔንድድ ኢቪኤስኢ ከሆነ የያዘው ቻርጀሩ ነው። ሰዓት መሙላት ያለብዎት ከሁለቱ በአንዱ ላይ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ከሞሉ ሲጠባበቁ ያድራሉ።

ምንም መልእክት ካልመጣና አድራሻው ትክክል ከሆነ የቻርጀሩን ቀን ይመልከቱ። ብዙ ቻርጀር ኃይል ሲያጣ ሰዓቱን ይረሳል፤ ወደ 1970 የተመለሰ ቻርጀር የአገልጋዩ የምስጠራ ሰርተፍኬት ገና ያልተሰጠ መስሎ ስለሚታየው መስመሩን ይዘጋል። ኤንቲፒ የሚባለውን ሰዓት በኢንተርኔት የማስተካከያ ቅንብር ሲያበሩት ይፈታል።

ደረጃ 7፦ ሰዓትና አምፔር

በኦሲፒፒ መልእክቶች ውስጥ ሰዓት በአብዛኛው የሚጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ በዚያ ላይ የእኛ የሰዓት አጠራር በ6 ይለያል። መላው ቀላል ነው። በመዝገቡ ላይ ካለው ሰዓት 3 ይቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 በላይ ከሆነ 12 ደግሞ ይቀንሱ፣ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ 12 ይጨምሩ። መዝገቡ 20 ሰዓት ካለ 17 ይሆናል፣ ማለትም ከምሽቱ 5 ሰዓት። አገልግሎቱን በአዲስ አበባ ወይም በናይሮቢ ሰዓት ካደረጉት ደግሞ የሚቀንሱት 6 ነው።

ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ሁሉም ቤት ምድጃውንና መብራቱን የሚያበራበት፣ ቮልቴጁም የሚወርድበት ጊዜ ነው። ቻርጁን ከ5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ያድርጉት። 32 አምፔር ቢሆን በስድስት ሰዓት 42 ኪሎዋት ሰዓት፣ 16 አምፔር ቢሆን 21 ኪሎዋት ሰዓት ከቆጣሪው ይወጣል፤ ከዚህ አንድ አሥረኛ የሚሆነው በመንገድ ይባክናል። ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ እያሉ በከተማው ውስጥ 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በቀን ከ7 እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። ስለዚህ የዘወትሩን ጣሪያ 16 አምፔር አድርጉት እላለሁ። ሽቦውም ይቀዘቅዛል፣ ቤተሰቡም አይረበሽም። 32 የሚያስፈልገው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አዲስ አበባ ለመግባት፣ የጊቤን ሸለቆ ወርደው ለመውጣት በሚዘጋጁበት ሌሊት ነው።

ጣሪያው የሚወሰነው ቻርጂንግ ፕሮፋይል በሚባለው ነው። ለቻርጀሩ ጠቅላላ ወሰን ቻርጅ ፖይንት ማክስ ፕሮፋይል፣ ለየቀኑ የሰዓት ሰሌዳ ቲኤክስ ዲፎልት ፕሮፋይል የሚለውን ይምረጡ። እነዚህ በቻርጀሩ ማህደር ውስጥ ስለሚቀመጡ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራሉ። መኪናው ከ6 አምፔር በታች መቀበል አይችልም፤ ከዚያ የወረደ ቁጥር ማቆም ማለት ነው። በሚጠብቅበት ሰዓት ዜሮ ከመስጠት 6 አምፔር መስጠት የሚሻልበት ጊዜ አለ፦ ለሰዓታት ኃይል ያጣ አንዳንድ መኪና እንቅልፍ ይወስደውና ሰዓቱ ሲደርስ አይነቃም።

ለምጣዱ ግን ከሁሉም የሚሻለው ከኢንተርኔት ውጭ ያለ መፍትሔ ነው። ዋናውን ሽቦ ከብቦ አምፔሩን የሚለካ ቀለበት በሰሌዳው ላይ ይገጠምና በገመድ ከቻርጀሩ ጋር ይገናኛል። እናት ምጣዱን ስትጥድ ቻርጀሩ በሰከንዶች ውስጥ ራሱ ይወርዳል፣ አውጥታ ስታጠፋው ራሱ ይወጣል። ቻርጀርዎ ይህን የሚቀበል ከሆነ ገንዘብዎን ከሌላ ነገር ሁሉ በፊት እዚህ ላይ ያውሉት።

ደረጃ 8፦ ኢንተርኔቱን አጥፍቶ መፈተን

ይህን ደረጃ ማንም እንዳይዘለው። ራውተሩን ይንቀሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ መኪናውን ይሰኩ። ቻርጅ ካልጀመረ ሎካል ኦተራይዝ ኦፍላይን የሚለውን ቅንብር ያብሩና ቻርጀሩ ላይ አስጠግተው ቻርጁን የሚያስጀምሩበትን ካርድ በቻርጀሩ የውስጥ ዝርዝር ላይ ይመዝግቡ። ቻርጀሩ በተቆለፈ ግቢ ውስጥ ካለ ያለ ካርድ የሚጀምርበትን ቅንብር ማብራትም ይቻላል። መንገድ ዳር ከሆነ አይሞክሩት።

ቀጥሎ ቻርጅ እየተደረገ ሳለ የቻርጀሩን ብሬከር አጥፍተው ያብሩ። በራሱ ይቀጥላል ወይስ ሰው ይጠብቃል? ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ ባዶ ባትሪ ይዞ ላለመነሣት መልሱን ዛሬ ማወቅ ይሻላል። መብራት እንደተመለሰ ቮልቴጁ ስለማይረጋጋ ከመቀጠሉ በፊት ጥቂት ደቂቃ እንዲዘገይ የሚያዝ ቅንብር ካለ ይጠቀሙበት። በመጨረሻ ራውተሩን መልሰው ይሰኩና ያለ ኢንተርኔት የተሞላው ኃይል ወደ መዝገቡ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ቻርጀሩ አጠራቅሞ መላክ አለበት።

መብረቅ ሊመጣ ሲል ግን ቅንብርም መከላከያም አይመኑ፣ ገና ሳይቀርብ ኬብሉን ከመኪናው ይንቀሉ።

ደረጃ 9፦ ሂሳብ

ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ ካርድ ይስጡ፤ መዝገቡ በካርድ ይለያል። የሚያስከፍሉት በቻርጀሩ ቆጣሪ እንጂ መኪናው በሚያሳየው አይሁን። መኪናው የሚናገረው ባትሪው ውስጥ የደረሰውን ነው፣ የባከነውን አይቆጥርም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ስለሚጨምር፣ መኪናው የቤቱን ሂሳብ ወደ ላይኛው ደረጃ ይገፋዋል። ስለዚህ ከተከራይ ጋር የአንድ ኪሎዋት ሰዓትን ዋጋ በትክክለኛው የወሩ ደረሰኝ ላይ ተመሥርታችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያላችሁ ደግሞ ማታ ከመሰካታችሁ በፊት ቀሪውን እዩ፤ አንድ ሌሊት 40 ኪሎዋት ሰዓት ሲበላ በቆጣሪው ላይ የተሞላው ሂሳብ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቅና ማቀዝቀዣውም አብሮ ይቆማል። ለአላፊ አግዳሚ በገንዘብ ቻርጅ ማድረግ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ የንግድ ሥራ ነው፣ በዚህ መመሪያ አይሸፈንም።

በየወሩ መጀመሪያ የአገልግሎቱን መዝገብ አውርዳችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር አስቀምጡ፣ በቻርጀሩ ላይ የሚታየውን ጠቅላላ ቁጥርም በደብተር ጻፉ። አገልግሎቱ ዋጋ ቢጨምር ወይም ቢዘጋ ወደ ደረጃ 5 ተመልሳችሁ አድራሻውን ትቀይራላችሁ፤ ቻርጀሩ ከግድግዳው ሳይነሣ በሌላ አገልጋይ ሥራውን ይቀጥላል።